በታንኳ የተሻገሩ ሙታን

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ጥቅምት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ በሰው አገር ብርድ ትምህርት ለምትቆፍሪው ለልጄ ለየብርጓል፤

አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የናርጋ ሥላሴ ከበረዶውም ከክፉ ዓይንም ይከልሉሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ እናትዓለም ደህና ናት፤ ታንኳዬም ከወገቧ ትንሽ መራስ ጀመረች እንጂ ደህና ናት።

እንግዲህ ቁጭ በይና ይህን ጽሕፈት ደህና አድርገሽ እይው። የማን እጅ ይመስልሻል? የቀበሌው ጸሐፊ አይደለም። ፖስታ ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚጽፈው ሰውዬም አይደለም። የኔ የአንዳርጋቸው እጅ ነው። መቅዘፊያ ሲጨብጥ የኖረ እጅ እስክርቢቶ ሲይዝ ምን እንደሚመስል ዓለም ይይልኝ። «ጨ» ላይ እግሩ ትንሽ ተንሻፏል፤ እሱም በንፋስ ምክንያት ነው።

ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ስማር ከርሜ በፈተናው አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛዋ የሰፈራችን አስለቃሽ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ናቸው። ከጎኔ ተቀምጠው ከኔ ገልብጠው ነው ሁለተኛ የወጡት፤ እሳቸው ግን «እሱ ነው ከኔ የገለበጠው» እያሉ ያስወራሉ። አባቴ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ፊደል ሊያስቆጥሩኝ በያዙኝ ቁጥር ወደ ወንዝ ስሸሽ አደግሁ። አሁን በሽበቴ ፊደሉ ራሱ ወንዝ ድረስ መጥቶ ያዘኝ።

ለምን እንዲህ እንደ ፈነደቅሁ ልንገርሽ። እስካሁን የላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ በሰው እጅ ያለፈ ነው። እኔ አንድ ነገር ስል ጸሐፊው «ይሄ ይቅር» ይለኛል፤ መጨረሻው ላይ መፈክር ጨምሮ ያሽገዋል። ሲነበብልኝ እኔ የሌለሁበት ደብዳቤ ይሆናል። ዛሬ በኔና ባንቺ መካከል የተቀመጠ ሰው የለም። ስለዚህ በድፍረት እጽፋለሁ። አንቺ በመዝገብ ልጄ ነሽ፤ በደም የሟቹ የወንድሜ የአካሉ ልጅ ነሽ። ይኸው፣ ስሙን በገዛ እጄ ጻፍሁት። ሦስት ፊደል ነው። ከራሴ ስም አስቀድሜ መጻፍ የተለማመድሁት እሱን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የማታው አስተማሪያችን መምህር አምሐ ቀን ቀን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ቤተሰቦቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊሠሩ ከሐረር መጥተው ነው እዚህ ያደገው፤ ውኃ ይፈራል እንጂ ልቡ ደህና ነው። አንድ ቀን ተማሪዎቹን «አባይ ምን ያህል ይረዝማል?» ቢላቸው ሁሉም እጅ አወጡ። «ድልድዩ ሳይሠራ ሰው እንዴት ይሻገር ነበር?» ቢላቸው አንድም እጅ አልወጣ። ባንገታቸው ብቅ ቢሉ እኮ ወንዙ ከመስኮቱ ይታያቸዋል። መምህሩ ተናደደና «የወንዛችን ቀን» የሚባል ነገር አሰበ። ተማሪውም የሰፈሩም ሰው ወንዙ ዳር ይሰበሰባል፤ የወንዙን ታሪክ ከአሻጋሪዎች አፍ ይሰማል፤ ታንኳ ሲታሰርና ሲቀዘፍ በዓይኑ ያያል። ተናጋሪ ማን ይሁን ሲባል ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ወደኔ ያልዞርሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እና ልጄ፣ አካሉን ሳልጠራ የአሻጋሪ ታሪክ ማውራት አይሆንልኝም። ለልጆቹ ልነግራቸው ነው። እንዳትሰሚው ከሰው ብዬ ነው የጻፍሁልሽ።

ደህና እስክርቢቶ ካገኘሽ ላኪልኝ። ይሄ የኔው እንደ ሽማግሌ ይተፋል።

ያለ ጸሐፊ የጻፈልሽ
አንዳርጋቸው መርስዔ ኀዘን


ኪየቭ
ታኅሣሥ 7 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ ለአንዳርጋቸው መርስዔ ኀዘን፤

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እማማ እናትዓለምስ? እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። ብርዱ ከጥርስ ይገባል፤ የሕክምናው ትምህርትም ከብርዱ የቀለለ አይደለም።

ጽሕፈትዎን ሳይ ደስ ብሎኝ ብድግ ብዬ ቆምሁ። ፖስታውን ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየኋቸው። ውስጡን ግን አላሳየሁም።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እኔ የአንዳርጋቸው ልጅ ነኝ። ፓስፖርቴም እዚህ የሞላሁት ቅጽ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ደብዳቤ የሚደርሰን በተማሪዎች ማኅበራችን በኩል ነው፤ አንዳንዱ ተከፍቶ ይደርሳል። የጻፉትን ሦስት ፊደል እባክዎ አይድገሙት። ለተማሪዎቹም ስለ ጉማሬው፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ደንገሉ ይንገሯቸው። ልጆች እሱን ይወዳሉ።

እስክርቢቶውን ልኬአለሁ። ቀለሙ በብርድ ስለማይረጋ ለእኛ አገር ሳይበዛበት አይቀርም።

አክባሪ ልጅዎ
የብርጓል አንዳርጋቸው


ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ጥር 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል አንዳርጋቸው፤

እንደምን ከረምሽ? ጥምቀትን ያለ አንቺ አከበርነው። ታቦቱ ሲያልፍ እናትዓለም በስምሽ እልል ብላለች፤ ኪየቭ ካልደረሰ ጥፋቱ የነፋሱ ነው። ከዚያ ታቦት በረከት ለአንቺም ተነሥቶልሻል።

እስክርቢቶው ደረሰኝ። ከደረት ኪሴ ሰክቼው ስዞር ጓዶቹ ሳይቀሩ ቀድመው ሰላም ይሉኝ ጀመር። ትእዛዝሽንም ተቀብያለሁ፤ ሦስቱን ፊደል አልጽፍም። ከእንግዲህ «ባለታንኳው» ነው የምለው። ባለታንኳ በከተማችን ሞልቷል፤ የቱን እንደ ሆነ እግዜርና እኔ እናውቃለን።

ልምምዱ ተጀምሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ መምህር አምሐ ተማሪዎቹን ይዞ ወንዙ ዳር ይመጣል። ደንገል ታጭዶ እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት ተጠፍሮ ታንኳ እንደሚሆን አሳየኋቸው። ቀጥዬ መምህራቸውን ራሱን ታንኳው ላይ አስቀመጥሁት። ጥቂት እንደ ሄድን ጉማሬ ብቅ ቢል አንገቴን አንቆ ይዞ «ይህ በመጽሐፉ የለም» አለኝ። ጉማሬውም መጽሐፉን አላነበበም አልሁት። ልጆቹ ከዳር ሆነው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲያ የማወራው ሁሉ ገባቸው። ከድልድዩ በፊት ጎጃምን ከበጌምድር የምናገናኝ እኛ እንደ ነበርን፣ ሙሽራ ስናሻግር እንዴት እንደሚዘፈን፣ የገበያ አህያ ጆሮዋን ተይዛ ከታንኳው ጎን እየዋኘች እንዴት እንደምትሻገር። አህያዋን ራሴ ሆኜ አሳየኋቸው፤ በጣም ተመሳሰልሁ አሉኝ።

ቀጥሎ ስለ ሙታን ነገርኋቸው። የሰፈራችን የቆዩ ቤተሰቦች መቃብራቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩ ከተሠራም በኋላ ሬሳ በድልድይ አላሻገሩም፤ አባቶቹ በውኃ የሄዱትን ሰው በመኪና መንገድ መላክ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ ታንኳው ላይ ይጋደማል። አልቃሽ ከራስጌው ትቀመጣለች። ሕዝቡ ከዳር ሆኖ ያለቅሳል፤ ታንኳው ማዶ ደርሶ ካህናቱ እስኪቀበሉት ድረስ ከቦታው ንቅንቅ የሚል የለም።

ይህን ስናገር የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ አስናቀ ቆሞ ይሰማ ነበር። ታውቂዋለሽ፤ በሰባ ዓ.ም. የአብዮት ጥበቃ ጓዶቹን ይመራ የነበረው ነው። ባላባቱ በአሻጋሪ ላይ ስለሚጥለው ቀረጥ ሳወራ አጨብጭቦልኝ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ደግሞ ከልጆቹ ኋላ ተቀምጠዋል። ቀስ ብለው፣ «አንዳርጋቸው፣ ታዲያ ሙት በታንኳ መሻገሩ መቼ ቀረ? ለምንስ ቀረ?» አሉኝ።

የሚያውቁትን ነው የጠየቁኝ። ልጆቹ ሁሉ አዩኝ። ጓድ አስናቀም አየኝ።

ዝም አልሁ። አንዳርጋቸው ዝም አለ ተብሎ ሰፈሩ ሲያወራ ከረመ። እናትዓለም አሞት ነው ብላ ጠበል አመጣችልኝ። ልጄ፣ ዝም ያልሁት ስለ አንቺ ነው። ይህን ዝምታ እስከ መቼ እንደምችለው አላውቅም። ምን ልበላቸው? ንገሪኝ።

አፉን ይዞ የሚጠብቅሽ
አንዳርጋቸው


ኪየቭ
ሚያዝያ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ለመጪው ፋሲካም በሰላም ያድርስዎ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈተና ላይ ነበርሁ።

የጻፉትን ሁሉ አንብቤአለሁ።

አንድ ጉዳይ ገጥሞኛል። ለቀዶ ሕክምና ልዩ ትምህርት ከታጩት መካከል ነኝ። ከኛ አገር ልጆች የታጨችው ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህ ደግሞ የቤተሰባችንን ሁኔታ የሚገልጽ፣ የቀበሌ ማኅተም ያለበት ማስረጃ ጠይቀውኛል። የሚፈርመው ጓድ አስናቀ እንደ ሆነ ሰምቻለሁ። እባክዎ በደህና ይያዙልኝ። ቀልድ አይወድም።

ልጅዎ
የብርጓል አንዳርጋቸው


ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለየብርጓል፤

የሥላሴ ጥበቃ አይለይሽ። ሰላምታውን ማሳጠሬ ስለ ቸኮልሁ ነው፤ በሌላ ቀን አስረዝምልሻለሁ።

ቀበሌ ሄድሁ። ጓድ አስናቀ ወንበር ሰጠኝ። እሱ ወንበር የሰጠው ሰው ቆሞ ቢሄድ ይሻለዋል። ስለ ትምህርትሽ ጠየቀኝ፣ አደነቀሽ፣ ማስረጃውን እፈርማለሁ አለኝ። ከዚያ ከመሳቢያው በታይፕ የተመታ ወረቀት አወጣ። «ወይዘሮዋ በሕዝብ ፊት ጠይቃለች። በሕዝብ ፊት ይመለስላት» አለኝ። ማንበብ መቻሌን ሊያይ ነው መሰለኝ ወረቀቱን ወደኔ ገፋው። አነበብሁት። «አካሉ የተባለ ፀረ ሕዝብ አሻጋሪ የአብዮቱን ጠላቶች እየደበቀ ሲያሻግር ተይዞ ተገቢው ርምጃ ተወስዶበታል» ይላል። በወንዛችን ቀን ከተማሪውና ከሕዝቡ ፊት ቆሜ ይህን ማንበብ አለብኝ። ያንቺ ማስረጃ በማግሥቱ ይፈረማል።

ስሙን የጻፍሁት ትእዛዝሽን ረስቼ አይደለም። እነሱ ከጻፉት እኔም እጽፈዋለሁ። እኔ በእስክርቢቶ ስጽፈው የሚያስፈራ ስም እነሱ በታይፕ ሲመቱት አያስፈራም ማለት ነው?

አስናቀን ምን አልሁት? ጀማሪ አንባቢ ነኝ፣ ረጅም ቃል ይከብደኛል፣ ጊዜ ይሰጠኝ አልሁት። አንደኛ የወጣ ሰው እንዲህ ብሎ ሲለምን እዪ። እስከ መስከረም ሰጠኝ።

እንግዲህ ሊፈረድ ከሆነ እውነቱ ይጻፍ። አንቺ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሽ። እኔም ለእንጨት ንግድ ደቅ ደሴት ነበርሁና በዓይኔ አላየሁም፤ ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ የሰማሁትን ነው።

በሰባ ዓ.ም. ድልድዩ ላይ ፍተሻ ነበር። ወጣት የተባለ ይያዛል፤ የተያዘ አይመለስም። ወንድሜ ግን ሰሌን ገልጦ ሬሳ የሚያይ ጠባቂ በኛ አገር ገና እንዳልተወለደ ያውቃል። ስለዚህ የሚታደኑትን ልጆች ከነሕይወታቸው ገነዛቸው። በሰሌን ጠቅልሎ፣ አልቃሽ ከራስጌ አስቀምጦ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጠባቂዎቹ ፊት ያሻግራቸው ጀመር። ጠባቂዎቹ ቆባቸውን እያወለቁ ያሳልፏቸው ነበር። ማዶ ሲደርሱ ሬሳው ይነሣል፣ ምሳውን ይበላል፣ በእግሩ ወደ በጌምድር ይሄዳል። በዚያ ዓመት ሰፈራችን በበሽታ ያለቀ ይመስል ነበር።

ምን እንዳጋለጣቸው ታውቂያለሽ? ተዝካር። ያን ሁሉ ሰው ቀብረው አንድ ተዝካር አላወጡም። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ሟርት ነው ብለው ፈሩ። ከሞት ያወጡትን ልጅ ባርባ ቀኑ ጠላ ጠምቀው ሊገድሉት አልፈለጉም። አስናቀ ደግሞ የካህን ልጅ ነው፤ የተዝካር ጠላ ከየት ሰፈር እንደሚሸት ያውቃል። ሙት በዝቶ ተዝካር ጠፋበት። ወንድሜን አስጠርቶ፣ «ይህ ሁሉ ሰው ሞቶ ተዝካሩ የታለ?» አለው።

«ጓድ፣ ተዝካር አድሃሪ ልማድ ነው ተዉ ብላችሁ አስተምራችሁን የለ? ተውነዋ» አለው አካሉ።

ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ አሉ። አስናቀ አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቂዋለሽ። ሬሳውን አልሰጡንም። ያለቀሰ ይከተለዋል አሉን። ለቅሶ ሳንቀመጥ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ሙት በታንኳ ተሻግሮ አያውቅም።

አሁን ምላሱ የኔ፣ አንገቱ ያንቺ ነው። አንብብ ካልሽኝ አነባለሁ። ካነበብሁ በኋላ ግን ያን ወንዝ እያየሁ አልኖርም፤ ደቅ ሄጄ ከመነኮሳቱ ጋር እቀመጣለሁ። እነሱም ጨዋታዬን አይችሉትም፤ ያባርሩኛል።

ቁርጡን ጻፊልኝ።

አንዳርጋቸው


ኪየቭ
ነሐሴ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ አንዳርጋቸው፤

ጤና ከርስዎና ከቤትዎ አይራቅ። «አጎቴ» ያልሁት እጄ ስቶ አይደለም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ስጽፍና ስቀድ ክረምቱ ተጋመሰ። «አንቺ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሽ» ይላሉ። ልጅ ነበርሁ። ግን ታንኳው ላይ ነበርሁ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከዳር ሆነው ሙሾ ያወርዳሉ፤ ከራስጌው ተቀምጣ «አባቴን፣ አባቴን» እያለች ፊቷን የምትነጨው እኔ ነበርሁ። ለርስዎ እንዳይነግሩ ያስማልኋቸው እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ የተጠቀለለው ልጅ ከሰሌኑ ውስጥ ሆኖ «እህቴ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ እኔንም አስለቀስሽኝ» አለኝ። አባቴ መቅዘፉን ሳያቆም «አንተ ሞተሃል፣ ዝም በል» አለው። ሳቄ መጣብኝና በጩኸት ቀየርሁት። ያን ቀን ከዳር የቆመው ሰው ሁሉ እንዴት ያለች አዘንተኛ ናት ብሎ አመሰገነኝ።

ለማላውቃቸው፣ ላልሞቱ ሰዎች እንደዚያ አለቀስሁ። አባቴ በሞተ ጊዜ ግን እርስዎ ከደቅ መጥተው አፌን በጋቢ አፍነው ወደዚያው ወሰዱኝ። አልተቀየምሁዎትም፤ ዛሬ በሕይወት ያለሁት በዚያ ነው። እስከ ዛሬ ግን አላለቀስሁም። እዚህ ለትምህርት ሬሳ ፊት ስንቆም ሌሎቹ እንዳይነሣባቸው የሚፈሩ ይመስላሉ። እኔ የምደነግጠው ባለመነሣቱ ነው። እኔ የማውቀው ሬሳ ሁሉ ማዶ ሲደርስ ይነሣ ነበር።

ያን ወረቀት አያንብቡት። ማስረጃውንም አይቀበሉ። ትናንት የተማሪዎች ማኅበሩ ቢሮ ገብቼ የአባቴ ስም ይታረምልኝ አልሁ። ሊቀ መንበሩ ምን እያደረግሽ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልሁት። ቀዶ ሕክምናው ይቀርብኛል፤ ያ የታወቀ ነው። ወደ አገርሽ ተመለሺ ካሉኝም እመለሳለሁ። መቅዘፍ አልረሳሁም።

ከእስክርቢቶም ከማስረጃም በፊት የምለምንዎት ይህን ነው፤ ከልጆቹ ፊት ስሙን ሙሉ አድርገው ይጥሩልኝ።

የብርጓል አካሉ


ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ኅዳር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለየብርጓል አካሉ፤

ሥላሴ ያጽኑሽ። ስምሽን ፖስታው ላይ በትልልቁ ነው የጻፍሁት። የፖስታ ቤቱ ሰው አንብቦ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ማኅተሙን መታ።

አስናቀ የወንዛችንን ቀን ከአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ጋር በመስከረም ሊያውለው አስቦ ነበር። አባይ ግን በመስከረም ማንንም አያስጠጋም፤ የበዓል ኮሚቴ አያውቅም። ውኃው ረገብ እስኪል ተጠበቀና ጥቅምት ሲያልቅ ዋለ። እኔ ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ሄጄ ያነበብሁት ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነው። ራሴ ነኝ ያነበብሁላቸው፤ ያለ ማቆም። ጨርሼ ቀና ስል ነጠላቸውን አንሥተው ወጥተዋል። ቤት ለቤት እየዞሩ ምን እንዳሉ አልነገሩኝም።

በቀኑ ወንዙ ዳር ሰው እንደ ጥምቀት ሞላ። ተማሪዎቹ ከፊት ተቀመጡ፤ ያሰሯቸውን ትንንሽ ታንኳዎች ይዘዋል። አስናቀ ድምፅ ማጉያውን አስተካክሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ወረቀቱን ለሰው ሁሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁና፣ «ማንበብ እችላለሁ፤ አንደኛ የወጣሁ ነኝ። ይሄን ግን አላነብም» ብዬ መለስሁለት።

ከዚያ ወደ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዞርሁ። በጥር የጠየቁኝን ዛሬ ልመልስልዎ ብዬ ጀመርሁ። አካሉ መርስዔ ኀዘን ብዬ ጠራሁት። ድልድዩን፣ ፍተሻውን፣ ሰሌኑን፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ከራስጌው ተቀምጣ ታለቅስ የነበረችው ልጁ የብርጓል ናት፣ ዛሬ ሐኪም ልትሆን ነው አልሁ። ያ ሬሳ «ሞተሃል፣ ዝም በል» የተባለበትን ስነግራቸው ልጆቹ ሳቁ፤ እናቶቻቸው ግን አልሳቁም። ሬሳው እንዳልተሰጠን፣ ማልቀስም እንደ ተከለከልን ነገርኋቸው።

አስናቀ ድምፅ ማጉያውን አጠፋው። እኔ መቼ በድምፅ ማጉያ አውርቼ አውቃለሁ? ቀጠልሁ።

ይህን ጊዜ ያ ውኃ የሚፈራው መምህር አምሐ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀጥሎ ያለው የጥንቱ አቀባበር ለተማሪዎች ማሳያ ነው አለ። አስናቀ ይቁም ቢለው መምህሩ፣ «ጓድ፣ እርስዎ ራስዎ ያጸደቁት መርሐ ግብር ላይ ያለ ነው» አለው። እውነቱን ነው፤ ከጉማሬውና ከአህያዋ ቀጥሎ ተጽፏል። ታንኳዬ ላይ ባዶ ሰሌን ተጠቅልሎ እንዲሻገር ነበር የታሰበው። እናትዓለም ግን በማለዳ ሰሌኑ ውስጥ የአባትሽን ጋቢ ጠቅልላበታለች። እኔም ይህን ያወቅሁት ሳነሣው ከብዶኝ ነው።

ቀዘፍሁ። ከራስጌው ማንም አልተቀመጠም፤ ያ ቦታ ያንቺ ስለ ሆነ ባዶውን ሄደ። ጥቂት እንደ ራቅሁ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከኋላዬ ጀመሩ። እኚህ ሰው ፊደል ከኔ ቢገለብጡም ሙሾ ከማንም አልገለበጡም። ዞር ስል ምን አይ? የዳሩ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቋል። አካሉን አሉ። ቀጥሎ ደግሞ አንዷ የራሷን ልጅ ስም ጠራች። ሌላዋም ጠራች። ያን ዓመት ማልቀስ የተከለከለ ቤት ሁሉ የራሱን እየጠራ ወንዙ በለቅሶ ተሞላ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። አስናቀ ወረቀቱን እንደ ያዘ ብቻውን ቀረ፤ ከጎኑ የቆመ ሰው አላየሁም።

ማዶ ላይ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከካህናቱ ጋር ይጠብቁኝ ነበር። ለትምህርት ማሳያ ተብለው ነው የመጡት። የዳሩን ጩኸት ሰምተው ሰሌኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ፍትሐቱን ለማን ልበል አሉኝ። ክርስትና ስሙ ተክለ ጊዮርጊስ ነው አልኋቸው። ሌላ አልጠየቁም። ሙሉውን ፈቱት፤ አንድ ቃል አላጎደሉም። ጋቢውን ከአባታችን መቃብር አጠገብ አፈር አለበስነው። ስመለስ ከወዲያኛው ዳር ንቅንቅ ያለ ሰው የለም፤ ተማሪዎቹም ቆመው ነበር።

በማግሥቱ ቀበሌ ተጠራሁ። በዚህ ጊዜ ወንበር አልሰጠኝም። ለመሆኑ የሞተው ማነው አለኝ አስናቀ። ወንድሜ ነው አልሁት። መቼ ሞተ አለኝ።

«ትናንት ቀበርነው» አልሁት።

ያንቺ ማስረጃ እንደማይፈረም ነገረኝ፤ ቀድማ ትታዋለች አልሁት። ታንኳዬን ወሰዷት፤ ጣና ዳር ደንገል ሞልቷል፣ ሌላ አስራለሁ። መምህር አምሐን ወደ ሌላ አውራጃ ትዛወራለህ ብለውታል። ዋኝቼም ቢሆን እሄዳለሁ አለ፤ መዋኘት እንኳ አይችልም። እኔን ሰኞ ተመልሰህ ትመጣለህ ብለውኛል። ቢያቆዩኝ እንኳ የማጫውታቸው አላጣም። ይልቅ ተማሪዎቹ ወንዙ ዳር ሲያልፉ ታንኳው የተነሣበትን ቦታ «አካሉ መሻገሪያ» ይሉት ጀምረዋል፤ ይህን አስናቀ በምን እንደሚያጠፋው አያለሁ።

አሁን ቤታችን ሰው አይጎድልበትም። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ከመሸንቲ ሳይቀር ነው። የሰባ ዓ.ም. ለቅሶ ነው፤ መጥቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ይለናል፣ ይቀመጣል። ሁሉም ስለ አንቺ ይጠይቃል። እናትዓለም በስምሽ መደብ ላይ ቦታ ትታልሻለች፤ ማንም አይቀመጥበትም።

ስለዚህ የብርጓል፣ ይህ ደብዳቤ መርዶሽ ነው። እዚያው ባለሽበት ነጠላሽን አዘቅዝቂ። በርሽን ክፈቺ፤ ጓደኞችሽም ይምጡ፣ የሚሸሽም ይሽሽ። አባትሽን ጠርተሽ አልቅሺ። ማንም አልፈቀደልንም፤ እኛም አላስፈቀድንም።

አጎትሽ
አንዳርጋቸው መርስዔ ኀዘን